ከሩቅ የጠፋው ሙሽራ

ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ደሴ ላይ፣ አማቴ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰው ደጅ በቆመ መኪና ውስጥ ሕልም አየሁ።

ሥራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው። ደብረ ብርሃን አጠገብ ያለች አንዲት ወረዳ የልደትና የጋብቻ መዝገብ ያለው በሦስት ሰርቨሮች ውስጥ ነው፤ እኔም የትም ብሆን በስልኬና በምትታጠፍ ትንሽ ኪቦርድ አዛቸዋለሁ። ትናንት አጎቴ ጋሽ ተክለወልድ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ውብአንቺን ሊጠይቁልኝ አባቷ አቶ ይመር ቤት ገቡ። በወጉ እኔ ሩቅ መሆን ነበረብኝ፤ ግን አንድ ባለ ሱቅም ሽማግሌ ሊልክባት እንደሆነ ሰምቼ አላስችል አለኝና መኪናው ውስጥ ተደበቅሁ። በዚህ መሃል የወረዳችን መዝጋቢ ደውላ፣ በዕድሜ ትልቁ ሰርቨር፣ «አባባ» የምንለው፣ መንቀርፈፉን ነገረችኝ። ኪቦርዷን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጠፍቶ እንዲነሣ አዘዝኩትና እስኪነሣ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ።

ስገልጥ ሰርቨሮቹ በሚቀመጡበት ማሽን ክፍል ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ ነበርኩ። ጀርባዬ ላይ ሰማያዊ ገመድ ተሰክቷል፤ ማራገቢያው ማጅራቴን ያቀዘቅዘዋል። ሰርቨሮቹ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው በስልክ ያዙኛል። አባባ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ በአንድ ጣት ሲጽፍ ግራ እግሬ ብድግ አለ። ሰርዞ ሲጽፍ አስነጠሰኝ።

«ምነው ዛሬ ተንቀረፈፈ?» አለ ጓደኛው።

«ቁርስ በልቶ ይሆናል» አለ አባባ፤ ቁርሴንም ሰረዘው። ወዲያው ራበኝ።

ከዚያ በገመዱ በኩል ቢሮው ታየኝ። ሠራተኞቹ ማኅተማቸውን ታቅፈው ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። መስኮቱ ላይ አንዲት ባለጉዳይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትሞርዳለች። የወረዳው ኃላፊ ብዙ ቀን ሳይመላለሱ አልቀሩም፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። እባክሽ እኅቴ፣ አንድ ሰው ብቻ ላስተናግድ ብለው ለመኗት። ቀና ብላም አላየቻቸው።

«ሰው የለም፤ ነገ ኑ።»

ኃላፊው እጅ ነሥተው ተመለሱ። አልዋሽም፣ አንጀቴ ራሰ።

ሳቄን ሳልጨርስ ገመዱ የአቶ ይመርን ሳሎን አመጣልኝ። ሦስቱ ሰርቨሮች ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ተደግፈው ቆመዋል፤ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለዋል። ውብአንቺ በር ሥር ቆማ ታዳምጣለች። አቶ ይመር ልጁ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ። አባባ ጉሮሮውን ጠረገና የታዘዘውን ሁሉ ይሠራል አለ። ጠባዩስ ሲሉት፣ ካልሞቀው ደህና ነው አለ። አቶ ይመር ግን በቃል ብቻ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። ልጄን የምሰጠው ሲጠፋ ለሚነሣ ሰው ነውና እዚሁ አጥፍታችሁ አስነሡልኝና ልየው አሉ።

አባባ ስልኩን ከጋቢው ሥር አወጣ። ከሩቅ ማጥፋት ቀላል ነው፤ ፈጽሞ የጠፋን ማሽን ግን ከሩቅ ማስነሣት አይቻልም። ሰው ክፍሉ ድረስ ሄዶ በጣቱ ማብሪያውን መጫን አለበት። «አባባ፣ መጀመሪያ የክፍሉ መክፈቻ ማን ዘንድ እንዳለ ይጠይቁ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ በገመዱ ሄዶ ስልኩ ላይ ጽሑፍ ሆኖ ወጣ። አባባ መነጽሩን አስተካክሎ አነበበው።

«ጨዋ ልጅ ነው፤ ‹አባባ› ነው የሚለኝ» አለ ወደ አቶ ይመር ዞሮ። ከዚያ ማጥፊያውን ተጫነ።

ውብአንቺ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ። አቤት ልላት አፌን ስከፍት ጠፋሁ።

ስነቃ ጋሽ ተክለወልድ የመኪናውን መስኮት እያንኳኩ ነበር። ከጎኔ ገብተው ተቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ። አቶ ይመር ወደውናል አሉኝ፤ ዘር ማንዘራችንንም ጠይቀው ደስ ብሏቸዋል። ቀን ከመቁረጣቸው በፊት ግን ያላገባሁ መሆኔን ማረጋገጥ ፈልገው፣ እዚያው ሽማግሌዎቹ ፊት ወደ ወረዳችን ደወሉ።

«ታዲያስ?» አልኳቸው።

«ሲስተም የለም፤ ነገ ደውሉ አሏቸው። ነገ ደግሞ የባለ ሱቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። እስከ ማታ ካልሰማሁ ለእናንተ ቃል አልሰጥም አሉ።»

ስልኬን አየሁ። አባባ አልተነሣም። ወደ ላይ መለስ ብዬ የጻፍኩትን አነበብኩ፤ ጠፍቶ እንዲነሣ ልል ብዬ እንዲጠፋ ብቻ አዝዤዋለሁ። አፈርኩ። መዝጋቢዋ ዘንድ ደውዬ ማሽን ክፍሉ ገብታ ማብሪያውን እንድትጫንልኝ ለመንኳት። በሩ ተቆልፏል አለችኝ። ቢሮው ውስጥ አንድም መክፈቻ የለም፤ ማንም እንዳይነካካብኝ ብዬ ትርፉን ከሁሉም የሰበሰብኩት እኔው ነኝ። ከደሴ ደብረ ብርሃን ደግሞ ግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ጋሽ ተክለወልድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ ልጄ። ይህን ሲስተም የያዘውን ሰው ታውቀው እንደሆነ ደውለህ ለምነው እንጂ» አሉኝ።

መክፈቻው ኪሴ ውስጥ ነበር።