ከአንደኛው አይደርስም

ከአንደኛው ቅጽ በኋላ የተጻፈውን ሁሉ አልቅሶ የሚቀብር አንባቢ ገጥሟችሁ ያውቃል? በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ሳስተምር አንድ ነበሩን፤ የእንግሊዝኛ መምህሩ ኦቦ ተርፋሳ። በከዋክብት መካከል በመንኮራኩር ስለሚዋጉ ሰዎች የሚተርከው ባለ ዘጠኝ ቅጽ ልብ ወለድ ትምህርት ቤታችን ሲደርስ፣ አሥረኛው ይምጣ አይምጣ ብለው የሚፈርዱት እሳቸው ሆኑ። እኔማ ጀግናው ከጨረቃ ማዶ እንደታሰረ ስለቀረብኝ እህል አልበላ ብሎኛል!

መጻሕፍቱን በጋዜጣ ለብጬ፣ ቁጥራቸውን በግዕዝ ጽፌ፣ ዘጠነኛውን ላክሁላቸው። በሳምንቱ መለሱት።

«ኦቦሌሶ፣ ወንድሜ፣ ደራሲው አርጅቷል» አሉኝ፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው አዝነው። «ስንት መጽሐፍ ሙሉ የምናውቀውን ጀግና፣ ስሙንና አባቱን እንደ አዲስ ይነግረናል! ከአንደኛው አይደርስም። አሥረኛው ይቅር።»

ልቤ ስብር አለ። መጽሐፉን ብገልጠው ግን አንደኛው ቅጽ ነው! ለካስ በችኮላ የጻፍኳት ፩ ቁርጥ ፱ን መስላ ራሴኑ አሳስታኝ ኖሯል።

«ኦቦ ተርፋሳ፣ ይሄ እኮ አንደኛው ነው።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ያፍራሉ ብላችሁ ጠበቃችሁ?

«እንግዲያው» አሉ፣ «አንደኛውም ቢሆን ከአንደኛው አይደርስም።»