የድሬዳዋው ሻንጣ ሐዋሳ ላይ ሲከፈት

አገር ማየት የመሰለ ነገር የለም። ሁሉም ይላል፣ እኔም እላለሁ። ግን እስቲ ሞክሩት! ነገ ጠዋት "ጅማ ልሄድ ነው" ብላችሁ ለአንድ ጎረቤት ብቻ፣ ያውም በሹክሹክታ፣ ንገሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጃፋችሁ ላይ የአክስት ቅቤ፣ የወንድም ጫማ፣ "መንገድህ ላይ ነው እኮ" የተባለ ኩንታል የሚያህል ነገር ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። መንገዳችሁ ላይ አይደለም። ቢሆንም ትወስዳላችሁ፤ እንቢ ያለ ሰው በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ እንዴት ይወጣል፣ እንዴትስ ይወርዳል?

እኔና ባለቤቴ ዘነበች ዕድሜያችንን የጨረስነው አቃቂ ነው። እሷ ክር ፋብሪካ በሦስት ፈረቃ፣ እኔ ቶርኖ ላይ ብረት ስቆርጥ። ሩቅ አገር ማለት ለእኛ ቢሾፍቱ ነበር። ጡረታ ወጥተን ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ግን አገሩ ራሱ መጥቶ እላያችን ላይ ሰፈረ። ከታች ጉራግኛ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ ኦሮምኛ፣ አራተኛ ላይ ትግርኛ፤ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ደግሞ ሁላችንም በአንድ አፍ ስለ ውኃ መጥፋት እናማርራለን። ይኼን ጊዜ ነው ዘነበች "እነዚህ ሰዎች የመጡባቸውን ከተሞች ሳላይ ልሙት?" ያለችው። የአርባ ዓመት ሚስት እንዲህ ስትል ዝም አይባልም። ሁሉንም ባይሆን ድሬዳዋንና ሐዋሳን ላሳያት ቃል ገባሁ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ።

ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጋሽ ይመር፣ የወሎ ሰው፣ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ልጃቸው ሰዓዳ ድሬዳዋ ወልዳለች፤ የአራስ ገንፎ ዱቄትና የሕፃን ልብስ ላኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ወይዘሮ ጥሩነሽ ደግሞ ልጇ ዮናስ ሐዋሳ ሥራ ይዞ እዚያው ልጅ ወዷል። ለእጮኛው ለቡርቱካን የሚሰጥ የሐበሻ ቀሚስ ከነነጠላው ላከች። ሸማኔ ቤት አራት ወር የተመላለሰችበት ቀሚስ ነው፤ ከሥሩም ለልጇ ሽሮ አለበት፤ የእኛ አገር እናት ልብስ ብቻ አትልክማ። ሁለቱም ሻንጣ የገዙት ከብሎካችን ሥር ካለው ሱቅ ሲሆን፣ ሱቁ የሚሸጠው ደግሞ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሰማያዊ፣ ባለዳማ፣ ባለዚፕ።

"ስም እንጻፍባቸው" አለች ዘነበች።

"ስንት ዓመት በሚሊሜትር ብረት የለካሁ ሰውዬ፣ ሁለት ሻንጣ ይጠፋኛል?" አልኳት። ይኼን አፌን!

ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍረን ድሬዳዋ ገባን። ዘነበች በዛፎቹ በታወቀው በከዚራ ሰፈር ጥላ ለጥላ ልትሄድ ቋምጣለች። ሻንጣውን አድርሰን፣ ሰላም ብለን፣ ወደ ሆቴላችን ልንል ስንነሳ የሰዓዳ አማት በሩ ላይ ቆሙ። "ሆቴል? አቦ፣ እኛ ሞተናል?" ተቀመጥን። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ሕፃኗ ከጭን ጭን ዞረች፣ ዘነበች በሳቅ ፈረሰች። ከዚራን በመስኮት አይተናታል ማለት ይቻላል፤ መስኮቱ የሚያሳየው ግን የጎረቤት ግድግዳ ነበር። ሻንጣውን ሰዓዳ ሳመችውና ጓዳ አስገባችው። እንግዳ ፊት የተላከ ዕቃ አይከፈትም፤ ነውር ነው። ይኼን ጨዋነታችንን እንዴት እንደምወደው! ያን ሰሞን ግን ጉድ ሠራኝ።

ሐዋሳ ስንደርስ ዮናስ ከመኪና ሳንወርድ አቀፈን። በማግስቱ ሽማግሌ ወደ ልጅቷ ቤት ይላካል፤ ከተዘጋጁት ሽማግሌዎች አንዱ ታሞ ቀርቷል። "ጋሼ፣ ከቱሉ ዲምቱ ድረስ እግዜር ነው የላከዎት" አለኝ። ዘነበች ሐይቁን በዓይኗ ፈለገች፣ እኔ ደግሞ ጋቢ ተደረበልኝ።

አሁን ልብ በሉ። እንግዳ ፊት የተላከ ዕቃ አይከፈትም፤ የሽምግልና ስጦታ ግን በሰው ሁሉ ፊት ተከፍቶ፣ አንድ በአንድ ወደ ላይ ተነሥቶ፣ ስሙ ተጠርቶ ነው የሚታየው። ዮናስም እናቱ "ዘመዶቿ ፊት እንጂ እንዳትነካው" ስላለችው ዚፑን አልነካም። የልጅቷ ቤተሰቦች ሲዳማዎች ናቸው፤ ቤቱ ሙሉ ነው፣ የእንሰቱ ምግብ ቡርሳሜ በቅቤ ተለውሶ ቀርቧል፣ አባትየው ኮስተር ብለው መሐል ተቀምጠዋል። ልጃቸውን ለአዲስ አበባ ልጅ መስጠቱ ገና እንዳልተዋጠላቸው ፊታቸው ይናገራል። በዕድሜ እኔ ስለበለጥኩ ስጦታውን አሳይ ተባልኩ።

ተነሣሁ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። "ይኸው፣ ለልጃችን የተላከ ቀሚስ!" ብዬ ዚፑን ከፍቼ፣ እጄን ሰድጄ ወደ ላይ ያነሣሁት የሕፃን ሹራብ ኮፍያ ነበር።

ደንግጬ ሌላ ባወጣ ሁለት ሚጢጢ ካልሲ። ከዚያ መታቀፊያ። ከዚያ "የአራስ ገንፎ" ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ዱቄት። ሴቶቹ የቡርቱካንን ሆድ ማየት ጀመሩ። አባትየው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ዮናስ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ወገኖቼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! የሰው ትዳር በእጄ ላይ ሊፈርስ ነው።

"የእኔ ጥፋት ነው!" ብዬ ጮህኩ። የሻንጣውን ነገር፣ የሰዓዳን መውለድ፣ የሚሊሜትሩን ጉራ ሳይቀር እየተንተባተብኩ ዘረገፍኩት። ጥግ የተቀመጡት የቡርቱካን አያት አማርኛ ብዙም አይሰሙም፤ ልጅቷ ጆሯቸው ሥር በሲዳምኛ አስረዳቻቸው። ኮፍያዋን ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩዋት። ጡጫቸው ላይ አጠለቋት። ከዚያ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፣ አባትየው ሳይቀሩ ቁጭ ብለው እንባቸውን ጠረጉ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

"በዕድሜዬ ያየሁት ሽማግሌ ሁሉ ልጅ ሊወስድ የመጣ ነው" አለች ቡርቱካን እየሳቀች፤ "ልጅ ሊሰጠን የመጣ ግን እኚህ ሰውዬ የመጀመሪያው ናቸው፤ ይመረቁልኝ፣ ልጅቷን ውሰዱ።"

እልልታው ሳያበቃ ስልኬ ጮኸ። ሰዓዳ ፎቶ ልካለች፤ ያን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ሕፃኗን ታቅፋ፣ ጥርሷ ሁሉ ወጥቶ። "አባቴ ይኼን ያህል አስቦልኝ!" ይላል ጽሑፏ። ስልኩ ከእጅ እጅ ዞረ። ቡርቱካን ብዙ አየችውና "ጋሼ፣ በጭራሽ እንዳይነግሯት። እንዲህ ደስ ያላትን አራስ ቀሚሷን አላስወልቃትም" አለች። ይኼኔ እኔም አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል!

የቀረኝ ለጥሩነሽ መንገር ነው። ወደ ውጭ ወጥቼ ደወልኩና አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

"ሰዓዳ ምን ወለደች?" አለች።

"ሴት።"

"እሰይ! ቀሚሱን በደንብ ታስቀምጥላት፤ አድጋ ለወግ ለማዕረግ ስትበቃ ትለብሰዋለች። ለምራቴ ሌላ አሠራለሁ" አለችና ትንፋሿን ሰበሰበች። "እሱን ግን ጋሼ፣ ቤቴ ድረስ መጥተው ቢለምኑኝም ያድርሱልኝ ብዬ አልሰጥዎትም።"