ሽማግሌዎቹ ፊት ያዋረደኝ ስፒከር

አሮጌ ዕቃን ከአዲስ ዕቃ ጋር ማኖር ሁለት ትውልድ በአንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከማኖር ይከብዳል። ሰው ሲኮራረፍ ቢያንስ ፊቱ ላይ ይታወቃል። ዕቃ ግን ሰላም መስሎ ይከርምና ልክ እንግዳ ሲመጣ ጉድ ይሠራችኋል። አላመናችሁኝም? እንግዲያው እኛ ቤት፣ ጀሞ፣ የሆነውን ስሙ።

በወጣትነቴ የገዛኋቸው፣ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች አሉኝ። ባለቤቴ አስቴር «ሳሎኑን እነሱ ይኑሩበትና እኛ እንውጣላቸው» እያለች ስታሽሟጥጥ፣ ልጃችን ሕሊና አስታራቂ ሆነች። የክብሪት ቀፎ የምታክል የብሉቱዝ መቀበያ ገዝታ ከአሮጌው አምፕሊፋየሬ ጋር በሽቦ አገናኘችልኝ። እሷ መኝታ ቤቷ ውስጥ ሌላ አዲስ ስፒከር አላት። ስልኳ ሁለቱንም ያውቃቸዋል፤ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ግን የሚወስነው እሱ ራሱ ነው። እኛን አያማክርም።

እሑድ ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ሕሊናን ለዳዊት ሊጠይቁ መጡ። ልጁን እወደዋለሁ። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን «እሺ» የሚል አባት፣ ሴት ልጁ ሰልችታው ነበር ይባላል። ስለዚህ ሁለቴ ልመልሳቸው ቆርጬ፣ ፊቴን አጨፍግጌ ተቀመጥኩ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ተሰማ ቆመው፣ ከአዳምና ሔዋን ጀምረው ወደ ዳዊት ለመድረስ ጥቂት ሲቀራቸው እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«መቼም ነገሩ ከባድ ነው። ከዘመድ ጋር መምከር አለብን፤ ልጅቷም ገና...»

በዚህ መሃል ስፒከሮቹ ተናገሩ።

«ሕሊናዬ፣ ገቡ እንዴ ሽማግሌዎቹ?» አሉ፤ በዳዊት ድምፅ።

ለካ ልጁ የድምፅ መልእክት ልኮላት፣ ሕሊና መኝታ ቤቷ ሆና ከፍታዋለች። ጠዋት መዝሙር ሰምቼበት አምፕሊፋየሩን ሳላጠፋው ቀርቻለሁ። ስልኳ የኔን ስፒከሮች መርጦ ድምፁ አልሰማ ሲላት ደግሞ፣ የኔ ብልህ፣ ድምፁን ጨመረችው።

«ጋሼ ሁለቴ ይመልሷቸዋል ያልሽውን ለማንም አልተናገርኩም!» አለ ዳዊት፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ። «ለሰርጉ ሱፍ ማሰፋታቸውንም ቢሆን ትንፍሽ አላልኩም!»

አስቴር ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እኔ አምፕሊፋየሩን ለማጥፋት ስንደረደር ሽቦ ጠልፎኝ አቶ ተሰማ እግር ሥር ተደፋሁ። ሽማግሌ እግር ላይ ይወድቃል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሽማግሌ እግር ላይ የወደቀ የልጅቷ አባት ግን የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

አቶ ተሰማ በሁለት እጃቸው አነሱኝ። ሳቃቸውን እንደ ትኩስ ድንች አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ፣ «ሱፉ ምን ዓይነት ነው?» አሉ።

«ጥቁር ሰማያዊ» አልኩ። ምን ልበል? «እሺ፣ ልጄን ሰጥቻለሁ።»

ከመኝታ ቤት እልልታ ተሰማ፤ ይሄኛው ያለ ስፒከር ነው። ተመራረቅን፣ ተሳሳቅን፣ ምግብ ቀረበ። አቶ ተሰማ ብቻ ጉርሻቸውን ይዘው ትክዝ አሉ።

«ምነው?» አልኳቸው።

«ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ቀን ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሦስተኛውማ ያስለቅስ ነበር።»

አሳዘኑኝ። ተነጋገርንና የፊታችን እሑድ እንደገና እንዲመጡ ተስማማን። ደጅ ላይ ትንሽ አቆማቸዋለሁ። ቆጣ ማለቴም አይቀርም።