ባሕረ ነጋሽ ዘርአ ዳዊት በብርድ ልብስ ባሕር ላይ እንደ ዘመቱ

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ ባሕረ ነጋሽ ዘርአ ዳዊት የፎቶ ኮፒ ቤታቸውን ከፍተው በነገሡ በስድስተኛው ዓመት፣ እቴጌ በሰለችን ባገቡ በሦስተኛው፣ ትልቁ ማሽን ታሞ ሞተ ሲባል በዳነበት በዚያው ወር፣ ኅዳር ተጋምሶ ውርጩ በደብረ ብርሃን ሣር ላይ እንደ ጨው በሚነጠፍበት ሰሞን፣ በዕለተ ሰንበት፣ ከቅዳሴ መልስ የሆነውን ዜና እንጽፋለን። ወኮነ በይእቲ ዕለት ዐቢይ ጸብእ በባሕር፤ በዚያች ዕለት በባሕር ላይ ታላቅ ውጊያ ሆነ ማለት ነው። በየትኛው ባሕር ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥቂት ይታገሥ፤ ባሕሩ ገና ከአልጋ ላይ እየተገፈፈ ነው።

ይህ ዜና ጸሐፊ ለጌታው ክብር ሲል እንኳ የማይደብቀው አንድ ነገር አለ። የማዕበል ጌታ፣ የደሴቶች ሠሪ፣ የሰባት መርከቦች አባት የሆኑት ዘርአ ዳዊት ባሕር የሚባል ነገር በዐይናቸው አይተው አያውቁም። ካዩት ውሃ ሁሉ ትልቁ በነሐሴ የሞላ በሬሳ ወንዝ ነው፤ እርሱንም ያዩት ድልድይ ላይ ቆመው፣ ጃንጥላ ይዘው ነው። ነገር ግን ከዕለታት በአንዱ፣ ደንበኛ በጠፋበት ከሰዓት በኋላ፣ የሩቅ አገር ጎልማሶች ጠረጴዛ ከበው፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ መርከቦች በሜትር እየለኩ እያስኬዱ፣ ዳይስ እየጣሉ፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የባሕር ጠረፍ ውጊያ እንደ አዲስ ሲዋጉ በስልካቸው አዩ፤ አይተውም ልባቸው ተሰረቀ፤ ልባቸውም ተሰርቆ የጨዋታውን ሕግ ፈልገው አገኙ፤ አግኝተውም በገዛ ማሽናቸው አተሙት፤ አትመውም ከመዝሙረ ዳዊት አስበልጠው በቃላቸው ያዙት። ይህን የመጨረሻውን የንስሐ አባታቸው እስካሁን አልሰሙም።

ጦርነት ግን ለብቻ አይዋጉትም። ከከተማው ሕዝብ ሁሉ ጥሪውን ሰምተው ያልሳቁ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ፊታውራሪ ፈንታሁን፣ ድምፀ ነጎድጓድ፣ በአይሱዙው ጣርማ በርን እየወረደ ደሴ ድረስ ሲሚንቶ የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ሁለተኛዋ ወይዘሪት ምሥራቅ፣ የመድኃኒት ቤቷ እመቤት፣ አስልታ የምትናገር፣ ከተናገረች ግን የማትመለስ ናት። እነዚህን ይዘው ባሕረ ነጋሹ ሁለት ጊዜ ዘመቱ፤ ሁለት ጊዜም ጦርነቱ ሳያልቅ ፈረሰ። በመጀመሪያው ሕጉን ጠቅሰው ለምሥራቅ ፈረዱ፤ ፈንታሁን መርከቦቹን ኪሱ ከትቶ ወጣ። በሁለተኛው ሕጉን ጠቅሰው ለፈንታሁን ፈረዱ፤ ምሥራቅ ሻርፗን ጠቅልላ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ መንገድ ላይ ሲተላለፉ እርሱ ወደ ሰማይ ያያል፣ እርሷ ወደ ስልኳ።

ባሕረ ነጋሹም ለፈንታሁን ምሥራቅ ስለ አንተ ስትጠይቅ ሰነበተች እያሉ፣ ለምሥራቅ ፈንታሁን ጥፋቱን አመነ እያሉ፣ ከሁለቱም አፍ ያልወጣ ቃል ሲያመላልሱ ከርመው ለሦስተኛ ጊዜ አሰባሰቧቸው። ለምን ይህን ያህል ደከሙ ቢሉ፣ እውነቱን እንናገር፣ ብቸኝነት ከብዷቸው ነበር። መታወቂያ ኮፒ ሊያስነሣ የሚገባ ሰው ሁሉ ወዳጅ አይሆንም፤ ወዳጆቻቸው እነዚህ ሁለቱ ነበሩ። ይህም ጦርነት በኩርፊያ ከፈረሰ ሁለቱም ያንን በር ዳግም እንደማይረግጡ ያውቃሉ። ስለዚህ በዚያ ቀን ቅዳሴው ላይ ቆመው ልባቸው ጠረጴዛው ላይ ነበር።

ወእምዝ፣ ከዚያም ማለት ነው፣ ሠራዊቱ ተቆጠረ። ባሕሩ፣ እዚያው ከተማ የተሠራ፣ ባለ ሁለት ሰው ሰማያዊ ብርድ ልብስ፤ የብሱ፣ ከጎረቤት ከአቶ ወልደ ሰንበት ቤት የተለመነ ኩበት በሰልፍ የተደረደረ፤ ደሴቶቹ፣ እነርሱም ኩበት፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ በኩበቱ ዙሪያ በተነሰነሰ በሶ የሚታወቅ፤ መርከቦቹ ከአሮጌ ሲሊፐር በምላጭ የተቀረጹ፣ ምሰሷቸው ስቴኪኒ፤ የጭስ መጋረጃው የመድኃኒት ቤት ጥጥ፤ የሁሉም ዕድል ፈንታ ከሉዶ የተነጠቀ አንድ ዳይስ። ለፈንታሁን የጀርመኖቹ አራት የጭነት መርከቦች ተሰጡት፤ የባሕሩን ዳር ይዞ ከትራስጌ እስከ ግርጌ፣ ወደቡ ድረስ ሊያደርሳቸው። ለምሥራቅ የእንግሊዞቹ ሦስት ፈጣን ጀልባዎች ተሰጧት፤ በውሃ ውስጥ እየሄደ መርከብ የሚመታ ቶርፔዶ የጫኑ።

ነጋሪቱ ሳይጎሰም እቴጌ በሰለች ከጓዳ ብቅ ብለው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦ «ስሙ! ብርድ ልብሴ ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋዬ ላይ ይመለስ፤ በሶውም ተራግፎ ይመለስ። ደግሞ እንደ ባለፈው ተኮራርፋችሁ ብትወጡ ይኼን ሲሊፐራችሁን ሰብስቤ ምድጃ ነው የምጨምረው። ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት ባሕር የሚባል ነገር እንዳልሰማ!» ይህ አዋጅ ማኅተም አልነበረበትም፤ አላስፈለገውምም።

ውጊያው ተጀመረ። ፊታውራሪ ፈንታሁን በአንድ ወገን የብሱን፣ በሌላው ወገን ወለል ያለውን ባሕር አየ፤ አይቶም በሕይወቱ የሚያውቀውን አንድ መንገድ አሰበ። ጣርማ በርን ለሚወርድ ሹፌር ዓለም ሁለት ወገን ናት፤ በአንዱ ተራራ፣ በአንዱ ገደል፤ ልጆቹን የሚወድ ተራራውን ተጠግቶ ይወርዳል። ስለዚህ ኩበቱን ተራራ፣ ባሕሩን ገደል አድርጎ ለመርከቦቹ እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ጭነት የያዝክ ሁሉ ስማኝ! በአንደኛ ማርሽ፣ ተራራህን ይዘህ፣ ማንም ማንንም ሳይቀድም! በገደሉ በኩል ያገኘሁት ሰው መንጃ ፈቃዱን ይርሳው!» በደሴቶቹ መካከል ሲያልፍም፣ ጠላት በተደበቀበት ስፍራ፣ ከማዶ የሚመጣ መኪና እንዳይገጥመው በአፉ ክላክስ ነፋ። በዓለም የባሕር ኃይል ታሪክ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ተጽፎ አናውቅም።

ምሥራቅ ጀልባዎቿን ከጥጡ ጀርባ ደብቃ ጠበቀች። ተራራውን አጥብቃ የያዘችው የፊተኛይቱ መርከብ፣ በሹፌሮች ልማድ በጎኗ «አደራ ማርያም» ተብሎ የተጻፈባት፣ ኩበቱን ስትታከክ በሶው ውስጥ ገባች፤ ገብታም መሬት ያዛት። ያን ጊዜ ጀልባዎቹ ከጥጡ ወጡ፤ ቶርፔዶው ተለቀቀ፤ ዳይሱ ተንከባሎ፣ ትንሽ ነጥሮ፣ በስድስት ቆመ።

ወይዘሪት ምሥራቅም አወጀች፦ «ስድስት ወጥቷል፤ ተመትቷል። የተመታ መርከብ ሰምጧል። አንሡልኝ።»

ፊታውራሪ ፈንታሁንም ግድግዳው እስኪንቀጠቀጥ መልሶ አወጀ፦ «መሬት ላይ የተቀመጠ ነገር ወዴት ነው የሚሰምጠው? ዳገት ላይ ቆሞ የቀረ መኪና ገደል ገባ ሲባል ሰምቼ አላውቅም! አደራ ማርያም ከዚህ ንቅንቅ አትልም!»

ሁለቱም ወደ ዳኛው ዞሩ። ሕጉ ምን እንደሚል ባሕረ ነጋሹ ያውቁ ነበር። ቶርፔዶ ያገኘው መርከብ ውሃ ላይ ይሁን አሸዋ ላይ፣ እንደ ጠፋ ይቆጠራል፤ ነገሩ እንደ ቀን ግልጽ ነው፤ ምሥራቅ ረትታለች። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ መጣ። ነገር ግን ፈንታሁን አንድ እጁን ወንበሩ ላይ ወዳለው ጃኬት ሲሰድ አዩ፤ ምሥራቅም ከንፈሯን ነክሳ ሻርፗን ስታስተካክል አዩ፤ አይተውም አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙት፣ ሕጉንም ዋጡት። ነገሥታት ከተሞችን ዋጡ ተብሎ ተጽፎላቸዋል፤ ጠንቅቆ የሚያውቀውን አንቀጽ ያለ ውሃ የዋጠ ዳኛ ግን በመዛግብት ፈልገን አጣን።

ውጠውም ሲያበቁ አወጁ፦ «ይህ ነገር ከእኔ ዐቅም በላይ ነው። ሽማግሌ ይግባበት።» በአገራችን በድንበር፣ በመስኖ ውሃ፣ ገብስ ውስጥ በገባች ላም ሽማግሌ ይገባል፤ በጀርመን መርከብ አይገባም ያለ ሕግ የለም።

ሽማግሌው ደግሞ ሩቅ አልነበሩም። አቶ ወልደ ሰንበት ጩኸቱን በግድግዳው ሰምተው፣ የውርስ ጠብ ነው ብለው፣ ከዘራቸውን ይዘው በሩ ላይ ደርሰው ነበር። ገቡ፤ ባሕር ምንድን ነው ብለው አልጠየቁም፤ ኩበታቸውን ግን ለዩት። ሁለቱን ባላንጣዎች አስነሥተው አቆሙ፤ ለፍርዱ እንዲገዙ ዋስ አስጠሩ፤ ለሁለቱም እቴጌ በሰለች ዋስ ሆኑ። ግራ ቀኙን ሰምተው፣ በሶው ያለበት ውሃ ጥልቀቱ ምን ያህል እንደሆነ አስረዱኝ ብለው፣ ከጉልበት በታች መሆኑን ከተረዱ በኋላ፣ በመርከቢቱ ውስጥ ስንት ሰው አለ ብለው ጠየቁ። ባሕረ ነጋሹ ያን ሁሉ ሕግ በቃላቸው ሲይዙ፣ ሰዎቹ አንድም ቀን ትዝ ብለዋቸው አያውቁም፤ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ።

አቶ ወልደ ሰንበትም ፈረዱ፦ «አድምጡ። ብረቱ ተመትቷል፤ የልጅቷ ነው፤ ይቆጠርላት። ሰዎቹ ግን ውሃው ጉልበታቸው አይደርስም፤ በእግራቸው ወጥተዋል። እነሱ ያንተ ናቸው፤ ከኋላ ያለው መርከብ ላይ አሳፍረህ አገራቸው ታገባቸዋለህ። አንተ ጮኸሃል፤ አንቺ አኩርፈሻል። በሉ ይቅር ተባባሉ። ከዚያ ቀጥሉ፤ የቀሩት መግባታቸውን ሳላይ ንቅንቅ አልልም።»

ፈንታሁን ትከሻውን ሰጠ፤ ምሥራቅም ትከሻዋን ሰጠች፤ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ከዚያም ፈንታሁን እቴጌ በሰለች ካቀረቡት የቆሎ ሳህን ጥቂት ሽምብራ ዘገነ፤ ዘግኖም መርከበኞቹን አንድ በአንድ በሁለተኛይቱ መርከብ ጀርባ ላይ ደረደራቸው፤ አንዱ ሲወድቅበት ጎንበስ ብሎ ከባሕሩ አወጣው። ምሥራቅ አንዷን መርከብ በጥልቁ ባሕር አሰጠመች። ሽምብራ በጫነችው ላይ የመጨረሻ ቶርፔዶዋን ስትለቅ እቴጌ በሰለች እንኳ ከጓዳ ወጥተው ቆሙ። ዳይሱ ተንከባሎ በአንድ ቆመ፤ ሳተች፤ ከሁሉ ቀድማ የሳቀችውም ራሷ ናት። የቀሩት ሁለት መርከቦች ክላክስ እየነፉ ወደብ ገቡ። ከሞት የተረፉትንም መርከበኞች አቶ ወልደ ሰንበት እዚያው ወደቡ ላይ አንድ በአንድ ቆረጠሟቸው።

ድሉ የማን እንደሆነ ሕጉ ያውቃል፤ ባሕረ ነጋሹም በልባቸው ደምረው ያውቁታል፤ አልተናገሩም። እቴጌ በሰለች ባሕሩን በአራት ማዕዘኑ ይዘው ደጅ አወጡና አራገፉት። ፈንታሁንና ምሥራቅ አብረው ወጡ፤ እየተከራከሩ ወጡ፤ አሁንም መሬት የያዘው ነገር ሰመጠ አልሰመጠም እያሉ፣ እርሱ እየጮኸ፣ እርሷ እየሳቀች፣ ድምፃቸው ወደ አስፋልቱ እየራቀ ሄደ። ባሕረ ነጋሹ የቆርቆሮውን በር ይዘው ድምፁ እስኪጠፋ ቆሙ፤ ብርዱ ነው እያሉም ዐይናቸውን ጠረጉ።

እንግዲህ ስብሐት ይድረሳቸው! ሌሎች ስንት ከተማ እንደ ያዙ ይጻፍላቸው፤ ስንት ምርኮ እንዳመጡ ይዘመርላቸው፤ ከኋላቸው ስንት ሰው ወድቆ እንደ ቀረም ጸሐፊያቸው ካልፈራ ይጻፈው። ባሕረ ነጋሽ ዘርአ ዳዊት፣ ማዕበል የማያውቃቸው የማዕበል ጌታ፣ ሕግ ዐዋቂ ሆነው ዝም ያሉ፣ ዳኛ ሆነው ያልፈረዱ፣ ከዚያ ታላቅ ጦርነት መሬትም ምርኮም አላገኙም። ሁለት ወዳጅ ይዘው ገቡ፤ ሁለቱንም ይዘው ወጡ።