ሊሸጠኝ ገበያ ያወጣኝ ብስክሌቴ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ብስክሌቴ ሊሸጠኝ ገበያ አወጣኝ።

በእውኑ እሱን ልሸጠው ያሰብኩት እኔ ነበርኩ። አሮጌ የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ከእነ ደምመላሽ ጋር ከወፍጮ ቤቱ ተነስተን፣ ቤቴን አልፎ የሚሄደውን ዳገት ስንወጣ፣ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ቆመው የሚጠብቁት እኔን ነው። አንገሽግሾኛል። አንድ ቀን እንኳ ልቅደማቸው ብዬ ጎማ ቀየርኩ፣ ሰንሰለት ቀየርኩ፣ እራት ተውኩ። ጠብ ያለ ነገር የለም። በቃ፣ ጥፋቱ የብስክሌቱ ነው አልኩ።

ገበያው ላይ ብስክሌቶች ተደርድረው የየራሳቸውን ሰው በገመድ ይዘዋል። አንድ አዲስ ቀይ ብስክሌት መጣና ጉልበቴን አጥፎ ዘረጋው።

«ይንቋቋል።»

«በአንድ እጅ ብቻ የተያዘ ነው» አለ ብስክሌቴ።

«ዳገት ይወጣል?»

«ሞክረዋ!»

ቀዩ ትከሻዬ ላይ ወጣ። ዳገቱ መሐል አንዲት ትራፊክ ፖሊስ የሆነች አህያ ፊሽካ ነፍታ አስቆመችኝ።

«ትርፍ ጭነሃል።»

«አንድ ብስክሌት ብቻ እኮ ነው!»

«ሰበብህንስ አትቆጥረውም?»

ትንፋሼ ተቆራረጠ። ቀዩ ወርዶ «አይሆነኝም» ብሎኝ ሄደ። ያኔ ብስክሌቴ ቀስ ብሎ መጣ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ተሸክሜሃለሁ። አንድ ቀን ‹ሰውዬው ከበደኝ› ብዬ አምቼህ አውቃለሁ?»

አፈርኩ።

«በል ና፣ እንሂድ» አለኝ።

ማን ማንን እንደተሸከመ አላውቅም፤ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣነው። ጫፉ ላይ ማንም አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ደስታዬ አስለቀሰኝ።

ነቃሁ። ረፍዷል። አልሸጥህም ልለው ወደ ግቢው ብሮጥ ቦታው ባዶ ነው። ወዲያው የውጭ በር ተከፈተና ታላቅ እህቴ እትዬ ውዴነሽ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ነጠላዋን አደግድጋ ብስክሌቴን እየነዳች ገባች። ከኋላዋ ሩብ ኩንታል ዱቄት ታስሯል።

«ተኝተህ ነው ብዬ ወፍጮ ቤት ሄድኩበት» አለች፣ ሳታለከልክ። «እንዴት ያለ ቀላል ነገር ነው በል! እነ ደምመላሽን ዳገቱ ላይ አልፌያቸው መጣሁ። ምስኪኖች፣ ጫፍ ላይ እንጠብቀዋለን ብለውሃል።»