አንደበተ ርቱዕ ሰው ሥራ ይፈልጋል

[ጠባብ ቢሮ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ባለገመድ ስልክ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የመጥበሻ ካርቶኖች። መሪው ቤት ለቤት መጥበሻ የሚሸጥ ቡድን አለቃ ነው፤ ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ ቆሟል። አማቹ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጋዜጣ ላይ ተደፍቶ በእስክሪብቶ ክብ ይሠራል።]

መሪው፦ ይሄ ክብ ነው? ክብ ነው ብለህ ነው?

አማቹ፦ ክብ ነው፣ ጋሼ።

መሪው፦ ይሄ ድንች ነው! ክብ ማለት ከጀመረበት ቦታ ተመልሶ የሚገጥም ነው። ያንተ ጀመረ፣ ሄደ፣ በዚያው ቀረ።

አማቹ፦ ሊመለስ ነበር፤ ቀለሙ አለቀ።

መሪው፦ ደግሞ ያከበብከውን ተመልከት! «ሁለት ክፍል ቤት፣ ውሃና መብራት ያለው፣ ይከራያል።» ቤቱን መጥበሻ ልታሸጠው ነው?

አማቹ፦ ሦስት ወር ባዶውን ተቀመጠ ይላል። ሥራ የፈታ መስሎኝ።

መሪው፦ ወይ ጉድ! እህትህ «ወንድሜን ከጎንህ አድርገው፣ ሰው ይሁንልኝ» ስትለኝ እሺ ያልኩበት አፌ ይቆረጥ! ስማ። «ሥራ እፈልጋለሁ» የሚለው ዓምድ ላይ ብቻ። ሌላው አሠሪ ሁሉ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» ብሎ ጽፎ ሰው ይጠብቃል። እኛ አንጠብቅም። ሥራ ፈላጊው ራሱ ስልኩን ጽፎ ሰጥቶናል! ዓሣ ስልክ ቁጥሩን ጽፎ ለአጥማጁ ሲሰጥ አይተህ ታውቃለህ?

አማቹ፦ ኧረ አላየሁም። ዓሣው ግን ሲደወልለት ምን ብሎ ያነሳል?

መሪው፦ [ግንባሩን ይዞ] ተወው።

አማቹ፦ እሺ፣ ለምንድነው እንዲህ የምንጣደፈው?

መሪው፦ ስንቴ ልንገርህ! ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ሦስት አዲስ ሰው ካላስገባሁ ቡድኔ ይፈርሳል። ፈርሶ የሚቀላቀለው ደግሞ ከማን ጋር ነው? ከሸበጥ ጋር! ይሄን ቢሮ በሸበጥ የገባ ሰው፣ ካልሲ ማድረግ እኔ ያስተማርኩት ሰው! ነገ ጠዋት ተነስቼ «ደህና አደሩ፣ አለቃ» ልለው ነው?

አማቹ፦ ይመልስልሃል እኮ። ትሑት ሰው ነው።

መሪው፦ ዝም! ስንት ሰዓት ሆነ?

አማቹ፦ አምስት ሰዓት።

መሪው፦ አንድ ሰዓት ቀረን። እይና ተማር። ሕጉ አንድ ነው፤ በስልክ ሥራው ምን እንደሆነ አይነገርም። «መጥበሻ» የምትል ቃል ከአፍህ ከወጣች አለቀልን። ሰውየው ሥራው ምንድነው ካለ «ዕድል ነው» ትላለህ።

አማቹ፦ ምን ዓይነት ዕድል ቢልስ?

መሪው፦ «ሰፊ» ትላለህ።

አማቹ፦ ምን ያህል ሰፊ ቢልስ?

መሪው፦ ቀጠሮ ትሰጠዋለህ! እዚህ ከገባ በኋላ እኔ አለሁ። [ስልኩን አንስቶ ቁጥር ይመታል፤ ድምፁን ያወፍራል።] ጤና ይስጥልኝ! የዘጠኝ ዓመት ልምድ ያለህ ሾፌር አንተ ነህ?… ዕድል ይዤልህ መጥቻለሁ!… ሰፊ!… ኧረ በጣም ሰፊ!… መኪናው? አይ፣ መኪና እንኳ የለውም፤ በእግር ነው… ሃሎ? ሃሎ!

አማቹ፦ ምን አለህ?

መሪው፦ መስመሩ ተቆረጠ።

አማቹ፦ አባትህን ሲጠራ የሰማሁ መሰለኝ።

መሪው፦ መስመሩ ነው አባቴን የጠራው! በል፣ ያንተ ተራ። ቀለም ቀቢውን።

አማቹ፦ [ይደውላል] ሃሎ… ቀለም ቀቢው ነህ?… ዕድል ነው… ሥራው አይነገርም… ደመወዙ? [ለመሪው] ደመወዙ ይነገራል?

መሪው፦ አይነገርም!

አማቹ፦ እሱም አይነገርም… ስሜ? [ለመሪው] ስሜስ?

መሪው፦ ስምህን ለምን ይፈልጋል! ቦታውን ንገረው፣ ቦታው ይነገራል!

አማቹ፦ ቦታው ይነገራል… ሃሎ?… [ስልኩን ያስቀምጣል።] «ለፖሊስ እነግራለሁ» ብሎ ዘጋው።

መሪው፦ ምን አድርገን?

አማቹ፦ የተሰረቀ ሥራ መስሎት ነው።

[መሪው ጋዜጣውን ነጥቆ በጣቱ ዓምዱን ይወርዳል። በድንገት ጣቱ ይቆማል።]

መሪው፦ አገኘሁት! ሳይደግስ አይጣላም! ስማ፤ «አንደበተ ርቱዕ ሰው ሥራ ይፈልጋል። ሲናገር የማይደክም፣ በር ቢዘጋበት የማይቀየም፣ የራሱ ሱፍ ያለው፣ የአሥራ አንድ ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ጎልማሳ፣ ደመወዝ ያለው ማናቸውንም ሥራ ለመሥራት ዝግጁ ነው።» [ጋዜጣውን ይስማል።] ይሄ ሰው ወርቅ ነው! እንደ እኔ ያለ ሰው ሌላ አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር!

አማቹ፦ «ደመወዝ ያለው» ይላል እኮ።

መሪው፦ እሷን ቃል እንዘላታለን። ይሄ ብቻውን ሦስት ሰው ነው። እንዲህ ላለ ሰው ደግሞ አለቃ ራሱ አይደውልም፤ ጸሐፊው ነው የሚደውለው። ጸሐፊዬ አንተ ነህ። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትናገራለህ። ከራስህ አንዲት ቃል እንዳትጨምር!

አማቹ፦ [ቁጥሩን እየመታ] ይሄን ቁጥር የማውቀው ይመስለኛል።

መሪው፦ ቁጥር ያው ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ነው፤ የማያውቀው የለም። ምታ!

አማቹ፦ ሃሎ፣ ዕድል ነው የምደው— እንዴ!… አዎ እኔ ነኝ… አዎ፣ አጠገቤ ቆሟል… ምን?… እሺ፣ አልነግረውም… እሺ እት— እሺ እመቤት።

መሪው፦ ማን አነሳው?

አማቹ፦ ሚስቱ።

መሪው፦ የማን ሚስት?

አማቹ፦ የአንደበተ ርቱዑ።

መሪው፦ ግሩም! ሚስት ካነሳችው ግማሹ አልቋል። እሱ የት ሄዶ ነው?

አማቹ፦ ሥራ ቦታ ነው ትላለች።

መሪው፦ ሥራ ካለው ሥራ ለምን ይፈልጋል?

አማቹ፦ [አዳምጦ] ሥራ እንደሌለው አያውቅም ትላለች።

መሪው፦ [ጠረጴዛውን እየደበደበ ይስቃል] ሥራ እንደሌለው የማያውቅ ሰው! እንዲህ ያለውን ነው በሻማ የምፈልገው! ይሄ ሰው መቼ ይሰለቻል? መቼ «ለቀቅኩ» ይላል? ሱፉን ጠይቃት። ሱፉ እንዴት ነው?

አማቹ፦ አንድ ነው ትላለች። ክርኑ ላይ ስለሳሳ እጁን አጥፎ ነው የሚያወራው።

መሪው፦ [ያጠፈውን እጁን ይበልጥ እያጠፈ] ብልህ ነው። ለዘመድ አዝማድ ያወራል ወይ በላት። የኛ ሥራ የሚጀምረው ከዘመድ ነው።

አማቹ፦ ዘመድ ከጨረሰ ቆየ ትላለች። መንገድ ላይ ሲያዩት ይሻገራሉ። ባለፈው ለቅሶ ቤት ገብቶ ሟቹ ስንት ልጅ እንደተወ ጠየቀና ሁሉንም መዘገባቸው።

መሪው፦ [በአድናቆት] ሳያለቅስ?

አማቹ፦ እያለቀሰ።

መሪው፦ አቤት ችሎታ! ዕቃ ማስቀመጫስ አለው?

አማቹ፦ መኝታ ቤታቸው እስከ ጣሪያው ካርቶን ነው። አልጋው ላይ የሚወጡት በጎን ነው። ልጃቸውን አስተማሪዋ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ብትላት «ካርቶን ያንቀሳቅሳል» አለች።

[መሪው ሳቁን ያቆማል።]

መሪው፦ ልጅ አለችው?

አማቹ፦ አንዲት።

መሪው፦ እንዲህ ያለውን ሰው እንዲህ አድርጎ የሚያደክመው አለቃ ማነው? ጠይቃት እስኪ! የትኛው ደደብ ነው የሚመራው?

አማቹ፦ ማነው የሚመራው?… [ለመሪው] ራሱ ነው ትላለች።

መሪው፦ እንግዲያው አለቃውም ደደብ፣ ተመሪውም ደደብ!

አማቹ፦ ልንገራት?

መሪው፦ ንገራት እንጂ! እውነት ነው!

አማቹ፦ «አለቃውም ደደብ፣ ተመሪውም ደደብ» ይላል… አዎ፣ በራሱ አፍ… [ለመሪው] ሳቀች። እስካሁን እየሳቀች ነው።

መሪው፦ ስትስቅ ቀጠሮውን ጣልባት! እስከ ስድስት ሰዓት እዚህ ይምጣ በላት።

አማቹ፦ ከዚያ አይርቅም ትላለች… ግን ሌሎች ሰዎች ቀድመዋችኋል ትላለች።

መሪው፦ ሸበጥ ነው! ሸበጥ ደውሎ ነው!

አማቹ፦ አይ፣ የአውቶቡስ መናኸሪያ ነው። በድምፅ ማጉያ የአውቶቡሶቹን መነሻ የሚጠራ ሰው ይፈልጋሉ። ደመወዙ በየወሩ ነው፤ ወንበርም አለው። እሺ ወይም እምቢ ለማለት እስከ ስድስት ሰዓት ነው የሰጧት።

መሪው፦ እምቢ በዪ በላት! ለእንዲህ ያለ ሰው ወንበር ስድብ ነው!

[አማቹ የስልኩን እጀታ ደረቱ ላይ ያስጠጋል።]

አማቹ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰውየው ወንድምህ ቢሆንስ?

መሪው፦ ወንድሜ የት አባቱ ሥራ ይፈልጋል፣ ነጋዴ ነው!

አማቹ፦ ቢሆን። የእናትህ ልጅ ቢሆን ምን ትለው ነበር?

መሪው፦ [በሩን ያያል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ስልኩን ከድነኸዋል?

አማቹ፦ ከድኜዋለሁ።

መሪው፦ በኔና ባንተ ይቅር። የእናቴ ልጅ ቢሆን የጫማህን ክር ሳታስር ሩጥ ነበር የምለው። በየወሩ! ወንበር ያለው! አንተ ለጋ ነህ፣ አይገባህም። አሥራ አንድ ዓመት በር አንኳኳሁ። በር ሲከፈት ደስ ይለኛል፣ ሲዘጋ ደግሞ ሥራዬ ነው ብዬ ደስ ያለኝ እመስላለሁ። ማታ ቤቴ ስደርስ ልጄ ተኝታ ነው የማገኛት። ጠዋት ስወጣም ተኝታ ነው። አንድ ቀን አደገች አሉኝ፤ ለክቼ አየሁ፣ እውነትም አድጋለች። ያ ሰውዬ ግን እሱ ሲናገር ሰው ሁሉ ጆሮውን ያቆማል። እሱ ሲናገር አውቶቡስ ይነሳል! እኔ ይሄን ሁሉ ዘመን ተናግሬ አንድ ሰው እንኳ ከመቀመጫው አላስነሳሁም።

አማቹ፦ [ወደ ስልኩ] ሰማሽ?… ሰምታለች።

መሪው፦ ከድኜዋለሁ አላልክም?!

አማቹ፦ በጆሮ በኩል ያለውን ነው የከደንኩት። በአፍ በኩል ያለው ክፍት ነበር።

መሪው፦ አንተ የእንጨት ሽበት! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም! አሁን ምን ትላለች?

አማቹ፦ «ካልክ እሺ» ትላለች። ለመናኸሪያው ሰዎች ደውላ እሺ ልትል ነው።

መሪው፦ አምጣ! [ስልኩን ይነጥቃል፤ ድምፁን ያወፍራል።] እመቤት! የሰሙትን አልሰሙም! ባለቤትዎ ለታላቅ ነገር የተፈጠሩ ሰው ናቸው! ለሳቸው ያዘጋጀሁት ዕድል… ምን?… በዚህ ድምፅ አታናግረኝ?… [ድምፁ ይቀጥናል።] አንቺ ነሽ?… የኔን?… በጋዜጣ?… [ክርኑን ያያል። ካርቶን ላይ ይቀመጣል።] ያቺ «ካርቶን ያንቀሳቅሳል» ያለችው የኛዋ ናት?

[አማቹ ሌላ ካርቶን ስቦ አጠገቡ ይቀመጣል።]

መሪው፦ አይ፣ አልተቆጣሁም… አልኩ፣ አዎ ብያለሁ… ስለ ልጄ ያልኩትም እውነት ነው… አንቺው አታልቅሺ እንጂ… [አፍንጫውን ይጠርጋል።] ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምገባው?… እሺ። ወንበሩ መደገፊያ አለው?… እሺ። [ስልኩን ሳይዘጋ ወደ አማቹ ዞሮ] አንተ! በየት በኩል እንደሚከደን ጠፍቶህ ነው?

አማቹ፦ ኧረ ምን ይጠፋኛል። በየት በኩል እንደምከድነው የነገረችኝ እሷ ናት።

መሪው፦ ክብ መሥራት የማትችል ሰውዬ!

አማቹ፦ እዚህ ከመጣሁ አራት ወሬ ነው፣ ጋሼ። አንተን ስልክ ስታወራ ከማየት ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ? መጨረሻህ ምን ይሆን እያልኩ ለእህቴ በየቀኑ እነግራት ነበር። ማስታወቂያ ማውጣቷን ግን ለኔም አልነገረችኝም። አሁን ሦስቱ ሰው እንዴት ይሁን?

መሪው፦ ሦስት አይደለም፤ እኔም ስወጣ አራት ነው የጎደለው። ሸበጥ ይቁጠራቸው። [ወደ ስልኩ] ምን አልሽ?… እስከ ዓርብ?… በየቀኑ ይወጣል?! [ዘሎ ይነሳል፤ ስልኩን ዘግቶ ኮቱን ይቆልፋል።] ተነስ! ጋዜጣው ቢሮ እንሂድ! ማስታወቂያው አሁኑኑ መውጣት ማቆም አለበት!

አማቹ፦ ሥራው ተገኘ አይደል እንዴ? ቢወጣ ምን ይጎዳል?

መሪው፦ አታውቃቸውም! ነገ በጠዋት አንዱ አፈ ቅቤ መጥበሻ ሻጭ ይደውልልኛል። እኔ ደግሞ ራሴን አውቀዋለሁ፤ እሺ ነው የምለው!