የአርባ አንድ ቁጥር ብልቃጥ

ቸሩ፦ ታላቅ ይቅደም አልኩህ! ይኼ ምን ያከራክራል?

ደጉ፦ ጋሼ፣ እኔኮ አልተከራከርኩም። ወረፋው ላይ የኔ ብልቃጥ ቀድማ ብትገባ ምን ይለወጣል ነው ያልኩት። ያው ሰገራ ነው።

ቸሩ፦ «ያው ሰገራ» ይለኛል! ማዕድ ሲቀርብ እጁን ቀድሞ የሚታጠበው ማን ነው?

ደጉ፦ ታላቅ።

ቸሩ፦ በር ላይ «ይግቡ፣ ይግቡ» የሚባለውስ?

ደጉ፦ እሱም ታላቅ።

ቸሩ፦ ታዲያ ላቦራቶሪ ሲደርስ ታላቅነት ይሰረዛል? የኔ ከፊት፣ ያንተ ከኋላ። በቃ።

(ካዛንቺስ፣ የአንድ ምግብ ቤት ጓሮ፣ ማለዳ፣ 1998 ዓ.ም.። ቸሩ የቤቱ ዋና ወጥ ሠሪ ነው። አሥራ አራት ዓመት አብስሏል። የሚስቱ ወንድም ክሊኒክ በር ላይ ዘበኛ ስለነበር አሥራ አራቱንም ዓመት ራሱን ከሐኪም ይቆጥራል። ደጉ ስድስት ዓመት ሳህን አጥቧል። ባለፈው ሳምንት እዚህ ሰላጣ የበሉ ሁለት ደንበኞች በታይፎይድ ተኙ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ መብርሂት፣ ማድቤት የሚገባ ሁሉ ሰገራውን እንዲያስመረምር አዘዙ። ውጤቱ ንጹህ ከሆነ ደጉ ከሳፋው ተነስቶ ሰላጣ ቆራጭ ይሆናል፤ ቃል ተገብቶለታል። ባክቴሪያ የተገኘበት ከማድቤት ይወጣል። ቸሩ ይኼን የመጨረሻውን የሰማው ለሌሎች እንደተነገረ አድርጎ ነው።)

ቸሩ፦ (ግንባሩን በሽርጡ ጫፍ ጠርጎ ከደረት ኪሱ የክብሪት ቀፎ ያወጣል) ያዝ። እነዚህን ሁለት ፍሬ እንክብል ዋጥ።

ደጉ፦ ምንድን ናቸው?

ቸሩ፦ ቀይና ጥቁር።

ደጉ፦ ቀለሙንማ አየሁት። ስማቸውን ነው።

ቸሩ፦ ስማቸው ምን ያደርግልሃል? ልትከሳቸው ነው? ቀይና ጥቁር ለሆድ፣ ቀይና ቢጫ ለጉሮሮ፣ ነጩ ለቀረው ሁሉ። ዶክተሮች ስንት ዓመት ደብተር የሚጨርሱት ለዚችው ነው።

ደጉ፦ እኔ ግን አላመመኝም።

ቸሩ፦ ልትመረመር አይደል? ቤት የሚጠረገው እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ ከተቀመጠ በኋላ? እኔ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ነው የዋጥኩት። ላቦራቶሪዋ ክዳኑን ስትከፍት የምታገኘው አበባ ነው።

ደጉ፦ ከሰገራ ውስጥ?

ቸሩ፦ ምሳሌ ነው፣ አንተ!

ደጉ፦ ግን ጋሼ፣ ቆሻሻውን አሳዩኝ ለምትል ሴት ቀድመን ከጠረግነው ምን ልታይ ነው?

ቸሩ፦ ምንም! ጎሽ፣ ገባህ። የምንፈልገውም እሱኑ ነው።

ደጉ፦ (አልገባውም። ፍሬዎቹን ኪሱ ይከታቸዋል) እርስዎስ ደህና ነዎት? ሰሞኑን ያልብዎታል።

ቸሩ፦ የምድጃ ሙቀት ነው።

ደጉ፦ ምድጃው ገና አልተለኮሰም።

ቸሩ፦ የትናንቱ ነው! ደግሞ ትንሽ ታይፎይድ ብጤ ነክቶኝ ቢሆንስ? በቀይና ጥቁር እገርፈዋለሁ። ሲያተኩሰኝ አንድ ሁለት ቀን እውጣለሁ፣ ሲሻለኝ አቆማለሁ። ሲመለስ እንደገና። ሦስት ወር ሙሉ ቀና ብሎ አያውቅም።

ደጉ፦ ሦስት ወር ሙሉ እየተገረፈ አልሞተም?

ቸሩ፦ ሂድ ወዲያ! ወረፋ ያመልጥሃል።

(ደጉ ሁለቱን ብልቃጦች በፌስታል አንጠልጥሎ ቂርቆስ ወዳለው ክሊኒክ ይወርዳል። ቸሩ ጥሬ ጎመን ሊከትፍ ይገባል።)

(አራት ቀን አልፏል። ያው ጓሮ። ደጉ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች ይዞ ይመጣል። ወረቀቶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ደጉ ቁጥር እንጂ እንግሊዝኛ አያነብም። ስም አልተጻፈባቸውም፤ ወረፋ ላይ የተሰጠው ቁጥር ብቻ ግርጌው ላይ ሰፍሯል። ቸሩ ደግሞ ግርጌ ድረስ የማንበብ ልማድ የለውም።)

ቸሩ፦ አምጣ ወዲህ። (የላይኛውን ይገልጣል) እህ… እህ… ኦሆሆ! አዘንኩልህ፣ ደጉ።

ደጉ፦ ጋሼ፣ የላቦራቶሪዋ ልጅ፣ ራቢያ፣ ስትነግረኝ…

ቸሩ፦ እኔ እያነበብኩ ራቢያን ምን አመጣት? «ሳልሞኔላ ታይፊ» ይላል። የታይፎይዱ ባክቴሪያ የክርስትና ስሙ ነው። ለመሆኑ ያቺን ቀይና ጥቁር ውጠሃታል?

ደጉ፦ አልዋጥኳትም።

ቸሩ፦ አላልኩም? ይኸው! ቤትህን ሳትጠርግ እንግዳ ጠራህ። (ደስታው ፊቱ ላይ ይታያል፤ ላቡም) ከሥር የመድኃኒት ዝርዝር አለ። አምፒሲሊን፣ አር። ክሎራምፌኒኮል፣ አር። ኮትሪ… ኮትሪሞ… ሦስተኛው፣ አር። የመጨረሻው ሴፍትሪያክሶን፣ ኤስ። አር ማለት እንግዲህ…

ደጉ፦ ልንገርዎት?

ቸሩ፦ አንተ? ንገረኛ! ዛሬስ ሳፋው ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ደጉ፦ ራቢያ አሳይታኛለች። የሚያሳድጉት በሳህን ነው። ክዳን ያላት ትንሽ ሳህን፤ ውስጧ እንደ ረጋ መረቅ ያለ ነገር አለ። እዚያ ላይ ባክቴሪያውን ይቀቡና መድኃኒት የነካቸው ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ጣል ጣል አድርገው ያሳድሩታል። ቅባት በሰፈፈበት ሳፋ ላይ ሳሙና ጠብ ሲያደርጉ ቅባቱ ዙሪያውን አይሸሽም?

ቸሩ፦ ሳፋ የናንተ ነው። እኔ ምን አውቃለሁ?

ደጉ፦ ይሸሻል። መድኃኒቱ የሚገድለው ከሆነ እንደዚያው ዙሪያውን ባዶ ክብ ይተዋል፤ ኤስ እሱ ነው። ካልገደለው ባክቴሪያው ወረቀቷ ጥግ ድረስ መጥቶ ይተኛል። አር ማለት ያ ነው። ለምዶታል፣ አይፈራውም።

ቸሩ፦ (ነገሩ የገባው ከሳህን አጣቢ መሆኑ አናዶታል) አውቀዋለሁ። ልፈትንህ ብዬ ነው።

ደጉ፦ ሦስቱ ክብ ወረቀቶች ዙሪያ ባዶ ቦታ አልነበረም። የመጨረሻው፣ ያ በመርፌ የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ዙሪያ ብቻ ነው የሸሸው። ራቢያ ምን አለች፣ «የዚህ ሰገራ ባለቤት መድኃኒት ሲጀምር ሲያቆም፣ ሲጀምር ሲያቆም ሳያለማምደው አልቀረም።»

ቸሩ፦ ኧረ እሷስ ነገር ታውቃለች! አየህ ደጉ፣ አንተ ሆድህ ውስጥ ትምህርት ቤት ከፍተሃል። ባክቴሪያውን በነጻ አስተምረህ፣ ዩኒፎርም አልብሰህ፣ በደንበኛ ሰላጣ ላይ ታስመርቃለህ!

ደጉ፦ እኔ ግን መድኃኒት ውጬ አላውቅም።

ቸሩ፦ ወረቀት ይዋሻል?

ደጉ፦ አይዋሽም፣ ግን ጋሼ፣ ቁጥሩን…

ቸሩ፦ ዝም! እትዬ መብርሂት! እትዬ! ይምጡልኝ፣ ጉድ አለ!

(ወይዘሮ መብርሂት መነጽራቸውን እያስተካከሉ ይወጣሉ።)

መብርሂት፦ ምን ተገኘ?

ቸሩ፦ ታይፎይድ። ያውም ዱርዬ ታይፎይድ፤ ሦስት መድኃኒት ንቆ የሚሄድ።

መብርሂት፦ ወይ ጣጣዬ! ምን ይሻላል? አንተ ታውቃለህ ይሉሃል።

ቸሩ፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ የኖረው ጥያቄ ነው) አንደኛ፣ ይኼ ሰው ሰላጣ አይነካም። ማንኪያ አይነካም። የማድቤቱን ደፍ አይረግጥም። ሁለተኛ፣ ዋቅጅራ ዘበኛው አጠገብ በርጩማ ይሰጠውና፣ ተመርምሮ፣ ተመርምሮ፣ ሦስት ጊዜ ንጹህ እስኪሆን በር ይጠብቅ።

ደጉ፦ መርፌውስ?

ቸሩ፦ አሥራ አራት ቀን! በየቀኑ! ያውም በወፍራሙ!

መብርሂት፦ ምሕረት የለውም? ስንት ዓመት ያገለገለ ሰው።

ቸሩ፦ እትዬ፣ የደንበኛ ሆድ አገልግሎት አይቆጥርም። ዛሬ ካዘንን ነገ ቤቱ ይዘጋል። በእኔ ይሁንብዎት!

መብርሂት፦ እውነትህን ነው። እንዳልከው ይፈጸም። ቁጥሩን ንገረኝ፣ ክሊኒኩ ደውሎ ሲጠይቀኝ እንዳልሳሳት።

ቸሩ፦ (ግርጌውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል) አርባ… አርባ አንድ።

መብርሂት፦ አርባ አንድ የማን ነው?

(ከመንገዱ የታክሲ ረዳት «ቂርቆስ፣ ቂርቆስ» ሲል ይሰማል።)

ደጉ፦ እትዬ፣ ጋሽ ቸሩ «ታላቅ ይቅደም» ብለውኝ የሳቸውን አስቀደምኩ። እኔ ከኋላ ነኝ። አርባ ሁለት።

ቸሩ፦ ተሳስተዋል! ወረቀት ሰው ነው የሚጽፈው፣ ሰው ይሳሳታል!

ደጉ፦ ጋሼ፣ አሁን «ወረቀት ይዋሻል?» ብለውኛልኮ።

ቸሩ፦ እኔኮ የዚያን ዕለት ጠዋት ሁለት ፍሬ ቀድሜ ውጬ ነበር! እንዴት ይገኛል?

ደጉ፦ ሦስት ወር ሙሉ ሲያጎርሱት… ቁርሱ መስሎት ይሆናል።

መብርሂት፦ ሁለተኛውን አንብብልኝ።

ቸሩ፦ (ድምፁ ከሳፋ ሥር የሚወጣ ይመስላል) «ሳልሞኔላ አልተገኘም።»

መብርሂት፦ አልሰማሁም።

ቸሩ፦ አልተገኘም፣ እትዬ! አርባ ሁለት ንጹህ ነው!

መብርሂት፦ ደጉ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሰላጣው ያንተ ነው። የቸሩን ሽርጥ ተቀበለው።

ደጉ፦ (ሽርጡን በሁለት ጣቱ ጫፍ አንጠልጥሎ ይይዛል) እሺ፣ እትዬ። መጀመሪያ ግን ላፍላው።

(ወይዘሮ መብርሂት ይገባሉ። ዋቅጅራ ምንም ሳይጠይቅ በርጩማ አምጥቶ በሩ አጠገብ ያስቀምጣል። ቸሩ ይቀመጣል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ማድቤቱን ከውጭ ተቀምጦ ሲያየው የመጀመሪያው ነው።)

ቸሩ፦ ደጉ… እስኪ ጠጋ በል። ይኼ መርፌ… ያምማል?

ደጉ፦ እርስዎ አይደሉ የሚያውቁት?

ቸሩ፦ ማለቴ… አንተም ለጥንቃቄ አንድ ብትወጋ አይከፋም። አብረን እንሂድና፣ አንተ ቀድመህ ትገባለህ፣ ስትወጣ እንዴት እንደሆነ ትነግረኛለህ።

ደጉ፦ ኧረ ጋሼ፣ ነውር ነው! ታላቅ ይቅደም።